ጣውላ ላይ የተቀረጸ ሐረግ በሲኤንሲ ለመቅዳት፦ ከብስክሌት ዕቃ የሚሠራ መዳሰሻ

በእጅ የተቀረጸ የሐረግ ጌጥ አለ እንበል። 120 በ80 ሚሊሜትር የሆነ የዋንዛ ጣውላ ነው፤ ቅርጹ ከላይኛው ገጽ 4 ሚሊሜትር ይወርዳል። ይህን ለመቅዳት አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የስልክ ካሜራ ነው። ለትልልቅና ክብ ነገሮች ካሜራው ይሠራል፤ ስለ እሱ ወደ መጨረሻ እንመለሳለን። ጠፍጣፋ ሆኖ ጥልቀቱ ከ10 ሚሊሜትር ለማይበልጥ ቅርጽ ግን የተሻለው ስካነር ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ትንሹ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዘው መቅረጫ ማሽን) ራሱ ነው። በመቁረጫው ቦታ ጫፉ ኳስ የሆነ መዳሰሻ ይታሰርበታል፤ ማሽኑ ነጥብ በነጥብ እየወረደ ይነካል፣ የነካበትን ከፍታ ይመዘግባል።

የሚከተለው ሁሉ የሚመለከተው የተለመደውን 3018 ማሽን ነው፦ 300 በ180 በ45 ሚሊሜትር የሥራ ስፋት፣ ጂአርቢኤል 1.1 (ኮዱን ተቀብሎ ሞተሮቹን የሚያዝ ሶፍትዌር) የተጫነበት ቦርድ። ኮዶቹን እዚህ በፊደላችን የጻፍናቸው እንዲነበቡ ነው፤ ማሽኑ ላይ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ከሁሉም በፊት፦ ኳስ ከኳስ ጋር ይመጣጠን

የመዳሰሻው ኳስ ዲያሜትር ጫፉ ክብ ከሆነው መቁረጫ ዲያሜትር ጋር እኩል መሆን አለበት። ምክንያቱ ይህ ነው። መዳሰሻው ተዳፋት ሲነካ የሚነካው በጫፉ ሳይሆን በጎኑ ነው፤ ስለዚህ የሚመዘገበው ከፍታ የእንጨቱ ገጽ ሳይሆን ኳሱ የቆመበት ቦታ ነው። ይህን ወደ እውነተኛው ገጽ መመለስ ስሌት ይጠይቃል። መቁረጫው ያው ኳስ ከሆነ ግን ስሌቱ ከነአካቴው ይቀራል፦ መዳሰሻው በቆመበት ሁሉ መቁረጫው ቢቆም፣ መዳሰሻው የነካውን ገጽ መልሶ ይቆርጠዋል። የተመዘገቡት ቁጥሮች እንዳሉ የመቁረጫው መንገድ ይሆናሉ ማለት ነው። ከኮምፒውተር በፊት የነበሩት ቅርጽ የሚቀዱ የመቁረጫ ማሽኖች የሚሠሩት በዚሁ ነበር።

ይህ ጥቅም የሚቀርበት ሁለት ጊዜ አለ። አንደኛው መጠን ሲቀየር ነው። ቅርጹን በግማሽ ማሳነስ ከፈለጋችሁ መቁረጫውም በግማሽ ማነስ አለበት፤ በ3.175 ሚሊሜትር ኳስ የተዳሰሰውን በግማሽ ለመቁረጥ 1.59 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ መቁረጫ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ቅርጹ ሲገለበጥ ነው፤ ለሻማ ወይም ለሳሙና ማፍሰሻ የሚሆን ሞልድ ለመሥራት ቁጥሮቹን ብቻ ከላይ ወደ ታች ብትገለብጡ፣ ስህተቱ ከመሰረዝ ይልቅ እጥፍ ይሆናል። ለሞልድ መጀመሪያ እውነተኛው ገጽ በሶፍትዌር ይወጣል፣ ከዚያ ለመቁረጫው አዲስ መንገድ ይሰላል።

ዕቃው ከየት ይመጣል

ባሕር ዳር ብስክሌት የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ለመዳሰሻው የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገርም ከብስክሌት ጥገና ቤት ይገኛል። የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ውስጥ ያሉት ኳሶች ዲያሜትራቸው ብዙ ጊዜ 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ ስድስት ያስፈልጋሉ። ያረጀ የኋላ ጥርስ ሲፈታ ውስጡ የሚገኙት ጥቃቅን ኳሶች ደግሞ 3.175 ሚሊሜትር ናቸው፤ ለ3018 ከሚሸጠው የተለመደ ባለ ክብ ጫፍ መቁረጫ ጋር በልክ የሚገጥሙት እነዚህ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት በካሊፐር ለኩ። የፊት ጎማ ኳስ 4.76 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን ይሳሳታል፤ ዝገት ያለበትን አትውሰዱ።

ለመዳሰሻው ዘንግ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ይበቃል፤ ጠርዙን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዘው ማለት ነው፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር። 40 ሚሊሜትር ርዝመት ቁረጡ። ከዚህ በላይ ሲረዝም ይለመጣል፤ የተለመጠ ዘንግ ደግሞ ቅርጹን ያሳስታል። ሌላው ዕቃ ይኸው ነው፦ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 15 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት የብረት ፒኖች (ከተሰበረ የትራፓኖ ቢት እጀታ ይቆረጣሉ)፣ የእስክሪብቶ ሞላ፣ ለማሰሪያ የተሰበረ መቁረጫ 3.175 ሚሊሜትር እጀታ፣ ለአካሉ ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ ወይም 8 ሚሊሜትር አክሪሊክ፣ እና ቀጭን ባለ መከለያ ገመድ።

መክተፊያው ለማሽኑ ቀላል ነው፣ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። ነገር ግን ኢፖክሲም ሆነ ሌላ ሙጫ አይዝበትም፤ ኳሶቹ በግፊት ብቻ ተጣብቀው እንዲቆዩ ቀዳዳው 6.2 ሚሊሜትር ይሁን። በአክሪሊክ ከሠራችሁ ቀዳዳው 6.35 ሆኖ ኢፖክሲ ይጨመርበታል።

አሠራሩ

44 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ሳህን ቁረጡ፣ መሃሉ ላይ ዘንጉ በነጻ የሚንቀሳቀስበት 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይኑረው። ከመሃሉ 13 ሚሊሜትር ርቀት ላይ፣ በየ120 ዲግሪው ሁለት ሁለት ቀዳዳ፣ ጥልቀታቸው 4 ሚሊሜትር። የአንድ ጥንድ ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል 7 ሚሊሜትር ይራራቁ። ይህን ቁጥር አታሳንሱት። 6.35 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ኳሶች በ7 ሚሊሜትር ሲቀመጡ በመካከላቸው 0.65 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል፤ ከተነካኩ በእነሱ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስመር መቼም አይቋረጥም፣ መዳሰሻው እንጨቱን ቢነካም ማሽኑ አያውቅም፣ ዘንጉ ይሰበራል።

ኳሱን ከመጫናችሁ በፊት የተላጠ ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ አስተኙ፤ ኳሱ በላዩ ሲጫን ይይዘዋል። የኩሽኔታ ብረት ላይ በሶልደር መበየድ አስቸጋሪ ነው፣ ይህ ግን ያለ ብየዳ ይሠራል። ሽቦዎቹ ሦስቱን ጥንዶች በተከታታይ ያያይዛሉ፦ የመጀመሪያው ጥንድ አንደኛ ኳስ ወደ ማሽኑ ሲግናል፣ ሁለተኛው ኳስ ወደ ሚቀጥለው ጥንድ አንደኛ ኳስ፣ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ኳስ ወደ ግራውንድ። ሦስቱ ፒኖች ከፕላስቲክ ከተሠራች ትንሽ እምብርት ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ፒን በአንድ ጥንድ ኳሶች መካከል ይጋደማል። ዘንጉ ከእምብርቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ የእስክሪብቶው ሞላ ከላይ በቀስታ ይጫናል። ጫፉ የሆነ ነገር ሲነካ ቢያንስ አንዱ ፒን ይነሳል፣ መስመሩ ይቋረጣል።

ሦስቱም ፒኖች ተቀምጠው በቴስተር ስትለኩ ከ5 ኦም በታች ማሳየት አለበት። ቁጥሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ኳሶቹና ፒኖቹ ላይ ቅባት አለ፤ በአልኮል ጥረጉ። የኩሽኔታ ኳስ ሁልጊዜ ከነግሪሱ ነው የሚመጣው።

ጥቃቅኗን ኳስ ዘንጉ ጫፍ ላይ ለመለጠፍ፣ የሽቦውን ጫፍ በ3 ሚሊሜትር የትራፓኖ ቢት ነካ አድርጋችሁ ትንሽ ጎድጓዳ አድርጉት፣ ኢፖክሲ አድርጉበትና 24 ሰዓት ተዉት። ኢፖክሲው ከኳሱ ወገብ በላይ አይውጣ። በኳሱና በዘንጉ መካከል በእያንዳንዱ ጎን ያለው ልዩነት 0.6 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ያበጠ ሙጫ ካለ ገደሉን የሚነካው ኳሱ ሳይሆን ሙጫው ይሆናል።

መስመሩ ሳይነካ ዝግ፣ ሲነካ ክፍት እንዲሆን የተመረጠበት ምክንያት አለ። ገመድ ቢበጠስ ወይም ኳስ ቢቆሽሽ መስመሩ ክፍት ይሆናል፤ ማሽኑም «ተነክቷል» ብሎ ይቆማል። የተገላቢጦሹ አሠራር ቢሆን ገመድ የተበጠሰበት መዳሰሻ እንጨቱ ውስጥ ይገባ ነበር።

ከማሽኑ ጋር ማገናኘት

ሲግናሉ ወደ ኤ5 ፒን ይሄዳል፤ የ3018 ቦርዶች ብዙ ጊዜ ለዚህ የተለየ ባለ ሁለት ፒን መሰኪያ አላቸው። የጂአርቢኤል ነባር አሰላለፍ ሲነካ ለሚዘጋ መዳሰሻ ስለሆነ $6=1 ብላችሁ ገልብጡት። ከዚያ የጥያቄ ምልክት ላኩ፤ መዳሰሻውን በጣት ስትገፉት ብቻ በመልሱ ውስጥ ከ«ፒን» ቀጥሎ የ«ፒ» ፊደል መታየት አለበት። ሳትነኩት ከታየ ወይ አሰላለፉ አልተገለበጠም፣ ወይ መስመሩ ክፍት ነው። ይህን ሳታረጋግጡ ዜድን (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን አቅጣጫ፤ ኤክስና ዋይ የጎን ናቸው) አታውርዱ።

የቦርዱ የውስጥ ሬዚስተር ደካማ ስለሆነ ገመዱ ከሞተር ገመዶች አጠገብ ሲሄድ ሐሰተኛ ምልክት ያነሳል። ከ5 ቮልት ወደ ሲግናሉ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከሲግናሉ ወደ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። የገመዱ መከለያ በቦርዱ በኩል ብቻ ግራውንድ ይያዝ።

ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ክፍል) በእጅ ሲነካ በቀላሉ የሚዞር ስለሆነ፣ የመዳሰሻውን እጀታ በኮሌቱ (መቁረጫውን በሚይዘው ጉሮሮ) ካሰራችሁ በኋላ እንዳይዞር በፕላስተር እሰሩት። መዳሰሻው በትክክል መሃል ላይ አለመሆኑ ግን አያሳስባችሁ፤ ጠቅላላው ስካን በእኩል ይዛወራል እንጂ አይዛባም። ችግር የሚሆነው ዳሰሳው ሳያልቅ ከዞረ ነው።

አሁን ፈትኑት። አንድ ነጥብ ላይ 20 ጊዜ አውርዱና ትልቁንና ትንሹን ቁጥር አወዳድሩ። ልዩነቱ 0.02 ሚሊሜትር ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ 0.05 ለእንጨት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሞላው ጠማማ ተጭኗል፣ ወይም አንዱ ፒን በእምብርቱ ውስጥ ይላወሳል። ሞላው ከበረታ ደግሞ ዋንዛ ላይ የነጥብ ጠባሳ ይቀራል፤ መጀመሪያ በጣውላው ጀርባ ሞክሩ።

ስንት ነጥብ፣ ስንት ሰዓት

አንድ ነጥብ በግምት 2 ሰከንድ ይፈጃል፦ በደቂቃ 100 ሚሊሜትር ፍጥነት 2 ሚሊሜትር መውረድ 1.2 ሰከንድ ነው፤ ቀሪው መነሳት፣ መሻገርና ከኮምፒውተር ጋር መነጋገር ነው። የእኛ 120 በ80 ጣውላ በየ1 ሚሊሜትሩ ሲዳሰስ 9,801 ነጥብ ይሆናል፣ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ። በየ0.5 ሚሊሜትሩ ሲሆን ወደ 38,801 ይዘልና 21 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። እርምጃውን በግማሽ ስትቀንሱ ጊዜው በአራት ይባዛል።

መቁረጫው ሊያወጣው የማይችለውን ዝርዝር መዳሰስ ጊዜ ማባከን ነው። ባለ 3.175 ኳስ መቁረጫ በየ1 ሚሊሜትሩ ሲሄድ በመስመሮቹ መካከል የሚተወው ሸንተረር 0.08 ሚሊሜትር ነው፣ በየ0.5 ሲሄድ 0.02። የመጀመሪያው በ220 የብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። ስለዚህ በ1 ሚሊሜትር ዳስሱና በመካከል ያለውን መስመር በስሌት ሞልታችሁ በ0.5 ቁረጡ፤ ለእንጨት ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስበው የመሮው ጭረት ስፋት ነው። በ90 ዲግሪ የተቀረጸ ቪ ቅርጽ ያለው ጭረት ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ከሆነ እውነተኛ ጥልቀቱ 0.5 ነው። የ3.175 ኳስ ግን ሁለቱ ጠርዞች ላይ ያርፍና 0.08 ሚሊሜትር ብቻ ይገባል፤ የሐረጉ ቀጭን ደም ሥር በቅጂው ላይ ይሰወራል። ኳሱ ሁለቱን ግድግዳዎች በትክክል እንዲነካ ጭረቱ ቢያንስ 2.25 ሚሊሜትር መስፋት አለበት፤ ያኔም ከታች 0.66 ሚሊሜትር ሳይነበብ ይቀራል። ከመጀመራችሁ በፊት ቀጭኑን ጭረት በካሊፐር ለኩ። ከ2.25 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ወደ ትንሽ ጫፍ ውረዱ። ቀለሙ ያለቀበት ባለ 1.0 እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ 1 ሚሊሜትር ናት፤ ከነነሐስ ሾጣጣዋ ዘንጉ ላይ ተጣብቃ ጫፉ 0.5 ራዲየስ ከሆነ ሾጣጣ መቁረጫ ጋር ትጣመራለች። ኳሷ ከሾጣጣው የምትወጣው በከፊል ብቻ ስለሆነ ለገደል አትሆንም፤ ለጥልቀት የለሽ ጭረት ግን ጥሩ ናት። እርምጃውም ወደ 0.4 ይወርዳል፤ ስለዚህ ጠቅላላውን ሳይሆን ደቃቅ ጌጥ ያለበትን ክፍል ብቻ በእሷ ዳስሱ።

ዳሰሳው

ጣውላውን ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ሞርሳ ሳያስፈልግ ይይዘዋል፤ የመንካቱ ኃይል ትንሽ ነው። ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ማዕዘኑ የተስተካከለ ብረት ወይም አሉሚኒየም በቋሚነት አጣብቁ፤ ይህ የማመሳከሪያችሁ ጥግ ነው። በኤክስ፣ በዋይና በዜድ ነክታችሁ ሦስቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፉ።

ጂአርቢኤል ድግግሞሽ የሚሠራ ኮድ ስለማይቀበል ነጥቦቹን የሚልክ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚላከው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

ጂ90 (ሁሉም ቦታ ከዜሮ ይቆጠር)
ጂ38.2 ዜድ-6 ኤፍ100 (እስኪነካ ውረድ)
ጂ0 ዜድ (የነካበት ሲደመር 2)
ጂ38.3 ኤክስ ዋይ (የሚቀጥለው ነጥብ) ኤፍ600

ጎን ለጎን ለመሻገር ጂ0ን ሳይሆን ጂ38.3ን መጠቀም የዘንጉን ዕድሜ የሚያራዝም ነገር ነው። በመንገድ ላይ ገደል ካጋጠመ መዳሰሻው ነክቶ ይቆማል፣ ስክሪፕቱ 1 ሚሊሜትር ከፍ አድርጎ እንደገና ይሞክራል። በጂ0 ቢሆን ኖሮ ኳሱ ይነቀል ነበር። ሌላው ጥንቃቄ ጂ91ን (ቦታን ከዜሮ ሳይሆን ማሽኑ ካለበት የሚቆጥረውን) ለኤክስና ለዋይ አለመጠቀም ነው። ማሽኑ ከነካ በኋላ ለመቆም ትንሽ ያልፋል፤ በጂ91 ያ ትርፍ ነጥብ በነጥብ ይጠራቀማል።

ከእያንዳንዱ ንክኪ በኋላ ማሽኑ በ«ፒአርቢ» የሚጀምር መስመር ይመልሳል። ቁጥሮቹ የሥራ ዜሮን ሳይሆን የማሽኑን ዜሮ ይከተላሉ፤ ልዩነቱን ካልቀነሳችሁ ፋይሉ በሙሉ ተዛውሮ ይቀመጣል። በመጨረሻ ያለው 1 ነክቷል፣ 0 ደግሞ አልነካም ማለት ነው። እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ፋይል ውስጥ ጻፉ፤ እስኪያልቅ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ላይ ብቻ አታቆዩት።

አንዱን መስመር ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ መሄድ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የእነዚህ ማሽኖች ጠመዝማዛ ብሎን ልቅነት ስላለው ቅርጹ ዳር ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይወጣል። ሁሉንም መስመር በአንድ አቅጣጫ ዳስሱ፣ ሲመለስ ብቻ ከፍ ብሎ ይመለስ። በየ10 መስመሩ ወደ ማመሳከሪያው ጥግ ሄዶ ዜድን ይንካ፤ ከመጀመሪያው በ0.05 ሚሊሜትር ከተለየ ስክሪፕቱ ይቁም። ጧት የተጀመረ ሥራ ቀትር ላይ በሙቀት ብቻ ሊዛወር ይችላል፤ 300 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.07 ሚሊሜትር ይረዝማል።

አምስት ሰዓት ተኩል ሙሉ መብራት ሳይሄድ ይቆያል ብላችሁ አትጀምሩ። ዳሰሳ ላይ ስፒንድሉ ስለማይዞር የኃይል ፍጆታው አነስተኛ ነው፣ መካከለኛ ዩፒኤስ ይችለዋል። ዩፒኤስ ከሌለ ግን ሥራውን በመስመር ከፋፍሉት፦ መብራት ሲመለስ የማመሳከሪያውን ጥግ በሦስቱም አቅጣጫ ነክታችሁ ከወረቀቱ ጋር ታስተካክላላችሁ፣ ከዚያ ካቋረጠው መስመር ትቀጥላላችሁ። ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ ደግሞ ከላፕቶፑ ይመጣል። ላፕቶፑ ሲተኛ ወይም የዩኤስቢ መስመሩ ተዘግቶ ሲከፈት ቦርዱ ራሱን እንደገና ያስነሳል፣ ማሽኑም የት እንዳለ ይረሳል። እንቅልፉን አጥፉት።

ክረምት ላይ እንጨት ከሐይቁ አየር እርጥበት ይጠጣል፤ በቃጫው አግድም ያብጣል፣ ቀጭን ጣውላ ይቆለመማል። ዳሰሳውን በአንድ ቀን ጨርሱ፣ ካልሆነ ሌሊቱን በፕላስቲክ ሸፍኑት። የሚቆረጠውም እንጨት ቢያንስ ለጥቂት ቀናት እዚያው ክፍል ውስጥ ይቆይ።

ቁጥሮቹን ማጽዳት

ፋይሉን ክላውድኮምፔር (የተለኩ ነጥቦችን የሚያሳይ ሶፍትዌር) ውስጥ ክፈቱት። ወደ ላይ የቆሙ ብቸኛ ሹሎች ካሉ መዳሰሻው አየር ላይ ሳለ ሐሰተኛ ምልክት ሰጥቷል፤ ምክንያቱ የገመድ ጫጫታ ወይም ንዝረት ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በዙሪያው ካሉት ስምንት ነጥቦች መካከለኛ ዋጋ ጋር አወዳድሩ፤ ከ0.5 ሚሊሜትር በላይ የተለየውን በመካከለኛው ተኩ። እውነተኛ ገደል ዳር ላይ ግን ይህ ማጣሪያ ጠርዙን ይበላል፤ የተቀየሩትን ነጥቦች በቀለም ለዩና በዓይን እዩዋቸው። ገጹ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የአራቱን ማዕዘኖች ከፍታ ወስዳችሁ የሚያልፍባቸውን ጠፍጣፋ ገጽ ቀንሱ።

ቁጥሮቹን ወደ ግራጫ ምስል የሚቀይር ሶፍትዌር ከተጠቀማችሁ ባለ 16 ቢት ምረጡ። ባለ 8 ቢት 256 ደረጃ ብቻ አለው። ለ4 ሚሊሜትር ጥልቀት አንዱ ደረጃ 0.016 ስለሆነ አይታይም፤ ለ20 ሚሊሜትር ግን 0.08 ይሆንና ለስላሳው ተዳፋት እንደ እርከን ማሳ ይወጣል።

ቆረጣው

መቁረጫው በአንድ ጊዜ 4 ሚሊሜትር አይውረድ። እዚያው ፋይል ላይ ገደብ አድርጉ፦ በመጀመሪያው ዙር ከ-1 በታች ያለው ሁሉ -1 ይሁን፣ በሁለተኛው -2፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ መጨረሻው። ዋንዛ በደቂቃ 600 ሚሊሜትር ይቀበላል፤ ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ወደ 300 አውርዱትና ዙሩን ወደ 0.5 አሳንሱት።

የመጀመሪያውን ቅጂ እንጨት ላይ አትቁረጡ። የደረቀ የልብስ ሳሙና ለሙከራ ጥሩ ነው፦ ርካሽ ነው፣ መቁረጫ አይሰብርም፣ ጭረቱን ሁሉ ያሳያል። የሐረጉን አንድ ጥግ 40 በ40 ብቻ ቁረጡና ዋናው ጣውላ ላይ ከመረጣችሁት አምስት ቦታ ጋር በካሊፐር ጥልቀት መለኪያ አወዳድሩ። አምስቱም በእኩል ከጠለቁ ወይም ከጎደሉ ስህተቱ የዜድ ዜሮ ነው። ተዳፋቱ ላይ ብቻ ከተሳሳቱ የኳሱና የመቁረጫው ዲያሜትር አልተመጣጠነም፣ ወይም ዘንጉ በጎን ሲነካ ይለመጣል።

መዳሰሻ የማይነካቸው

ዘጌ ላይ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ደቅ ደሴት ላይ እንደ ናርጋ ሥላሴ ባሉ ገዳማት ያለ ጥንታዊ በር፣ መስኮት ወይም መስቀል በምንም ዓይነት አይዳሰስም፣ ዱቄትም ሆነ ስፕሬይ አይነፋበትም። ፎቶ ለማንሳትም የገዳሙ አስተዳዳሪ ፈቃድ ይቅደም፤ ፍላሽ ይጥፋ። ከደንገል የተሠራ ታንኳም ለመዳሰሻ አይሆንም፤ ሲነካ ይሰረጉዳል። ለእነዚህ የሚሆነው ፎቶ ነው።

አንድን ታንኳ ለማንሳት ከ60 እስከ 80 ፎቶ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ከቀደመው ጋር ቢያንስ 60 በመቶ ይደራረብ። በሁለት ከፍታ ዙሩት፦ አንዴ በወገብ፣ አንዴ ከራስ በላይ። ታንኳው ውሃው ላይ ሆኖ አይነሳም፤ ውሃው ስለሚንቀሳቀስ ፎቶዎቹን ወደ ቅርጽ የሚቀይረው ሶፍትዌር ግራ ይጋባል፤ ወደ ዳር ወጥቶ ሣር ወይም ጠጠር ላይ ይቀመጥ። ቀጥተኛ ፀሐይ የደንገሉን ጥላ እንደ ቅርጽ ያስቆጥረዋል። ደመናማ ሰዓት ምረጡ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ሳይነሳ ጧት ቀድማችሁ ዛፍ ጥላ ሥር አንሱት። የስልኩን ፎከስና የብርሃን መጠን ቆልፉ፣ ዙም አትጠቀሙ።

ፎቶ መጠን አያውቅም። ሁለት ነጥቦች በ1,000 ሚሊሜትር የተራራቁበት ዱላ አጠገቡ አስቀምጡ፤ ከፎቶዎቹ የወጣውን ሞዴል ሜሽላብ በሚባለው ሶፍትዌር ከፍታችሁ በሁለቱ መካከል የሚነበበውን ለኩና 1,000ን ለዚያ አካፍሉ፤ የሚገኘው ቁጥር ማባዣው ነው። ፎቶዎቹን ወደ ሞዴል የሚቀይረው ነጻው ሜሽሩም ጥልቀቱን ለማስላት የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል፤ ላፕቶፑ ከሌለው ፎቶዎቹን ይዛችሁ ካርዱ ያለው ኮምፒውተር ጋ ሂዱ።

የሚወጣው ኤስቲኤል (የሞዴሉን ገጽ የሚይዝ) ፋይል እንዳለ ለ3018 አይሆንም። መቁረጫው ከላይ ብቻ ስለሚመጣ ከታንኳው ሆድ ሥር የተጠማዘዘውን አያገኘውም። ሞዴሉን ብሌንደር በሚባለው የሞዴል ማስተካከያ ሶፍትዌር ውስጥ በርዝመቱ ለሁለት ክፈሉት፣ ሁለቱን ግማሾች በተከፈለው ገጻቸው አስተኝታችሁ ለየብቻ ቁረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት በየግማሹ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ትይዩ የሆኑ ሁለት 4 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች ጨምሩ፤ ሲጣበቁ የእንጨት ካስማ ገብቶባቸው እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል።